የሞባይላችን ደኅንነት የሚለካው በአሮጌው ኔትወርክ ነው

ከሚያዝያ 16 ቀን 2015 ዓ.ም. ወዲህ አዲስ አበባ ውስጥ ነዳጅ የሚከፈለው በስልክ ነው። ሜክሲኮ ወይም ለገሃር አካባቢ ማደያ ላይ ጠዋት የተሰለፈ ሰው ነገሩን ያውቀዋል። ሹፌሩ ስልኩን ያወጣል፤ ኢንተርኔቱ ካስቸገረው *127# ይነካል፤ ብሩን ይጽፋል፤ ሚስጥር ቁጥሩን ያስገባል። ቀጂው የራሱን ስልክ እያየ መልዕክቱ እስኪገባ ይጠብቃል። መልዕክቱ ሲገባ መኪናው ይወጣል፣ የሚቀጥለው ይጠጋል።

በዚያች አጭር ጊዜ ሁለት ሰዎች ሙሉ እምነታቸውን የጣሉት በአየር ላይ በሚሄድ የራዲዮ ምልክት ላይ ነው። ሹፌሩ ሚስጥር ቁጥሩ ወደ ትክክለኛው ኔትወርክ መሄዱን አላየም። ቀጂውም መልዕክቱ በእርግጥ ከኔትወርኩ መምጣቱን የሚያጣራበት ጊዜ የለውም። ሁለቱም ይህን ሥራ ለስልካቸው ትተውታል። ስልኩስ በምን ያረጋግጣል? የገመድ አልባ ግንኙነት ደኅንነት ተመራማሪዎች ላለፉት ሃያ ዓመታት ሲመረምሩ የቆዩት ይህንኑ ነው፤ ያገኙት መልስም መሃል ከተማ ውስጥ ኑሮውን በስልክ የሚያንቀሳቅሰውን ሁሉ ይመለከታል።

ቴሌብር ሥራ የጀመረው ግንቦት 3 ቀን 2013 ዓ.ም. ነው፤ ዛሬ ኩባንያው የሚገልጸው የተጠቃሚ ቁጥር ከ40 ሚሊዮን በላይ ነው። ኤም ፔሳ በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ተከተለ። ባንኮቹም እያንዳንዳቸው የሞባይል መተግበሪያና አጭር ቁጥር አላቸው። ዕቁብ፣ የቤት ኪራይ፣ የታክሲ ሂሳብ፣ ለቅሶ ቤት የሚላክ ገንዘብ ሳይቀር በስልክ ቁጥር ሆኗል። የስልክ ቁጥሩ መታወቂያም፣ ፊርማም፣ የካዝና ቁልፍም ሆኖ እያገለገለ ነው።

ስለ ኔትወርክ ሲወራ ግን ከተማው የሚያወራው ስለ ፍጥነት ነው። ኢትዮ ቴሌኮም በግንቦት 2014 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ 5ጂን በሙከራ ጀመረ፤ በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ ደግሞ ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ ገበያውን ተቀላቀለ። ፍጥነት ጥሩ ነገር ነው፤ ደኅንነት ግን በእሱ አይለካም። የአንድን ስልክ ደኅንነት የሚወስነው የሚደርስበት አዲሱ ትውልድ ሳይሆን ዛሬም እሺ ብሎ የሚቀበለው አሮጌው ትውልድ ነው። ከዚህ በታች የማነሣቸው ጥናቶች በተለያየ አገር፣ በተለያየ ዘመን የተሠሩ ናቸው፤ ጣታቸውን የሚቀስሩት ግን ወደዚሁ ነጥብ ነው።

ሲሙ ያልጠየቀው ጥያቄ

2ጂ (ሁለተኛው የሞባይል ኔትወርክ ትውልድ)፣ በሙያው ስሙ ጂኤስኤም፣ ወደ አዲስ አበባ የገባው በ1991 ዓ.ም. ነው። ሲነደፍ ኩባንያዎቹን ያሳሰባቸው የሂሳብ ነገር ነበር፤ ሰው በሌላ ሰው ቁጥር እየደወለ ክፍያ እንዳያመልጥ። ስለዚህ ኔትወርኩ ሲም ካርዱን ይፈትናል። አንድ የዘፈቀደ ቁጥር ይልክለታል፤ ሲሙ በውስጡ ባለው ምስጢራዊ ቁልፍ አስልቶ ይመልሳል፤ መልሱ ከገጠመ መስመሩ ይከፈትለታል። በሌላው አቅጣጫ ግን ፈተና የለም። ሲሙ ኔትወርኩን «አንተስ ማን ነህ?» ብሎ አይጠይቅም።

በዚያን ጊዜ የኔትወርክ ማማ የማቆም አቅም ያለው መንግሥት ወይም ትልቅ ኩባንያ ብቻ ስለነበር ጥያቄው አንገብጋቢ አልመሰለም። ዛሬ ከላፕቶፕ ጋር የሚገናኝ፣ መጽሐፍ የሚያክል የራዲዮ መሣሪያና ከኢንተርኔት በነጻ የሚወርድ ሶፍትዌር ያለው ተማሪ ላቦራቶሪው ውስጥ የራሱን 2ጂ ማማ ማቆም ይችላል። በአቅራቢያው ያለ ስልክ ጠንካራ ምልክት ካገኘ ሳያንገራግር ይገባለታል።

ሌላም አለ። ንግግሩና መልዕክቱ በአየር ላይ ሲሄድ ይመሰጠር ወይስ አይመሰጠር የሚለውን የሚወስነው ማማው ነው። ማማው «ያለ ምስጠራ እንቀጥል» ካለ ስልኩ ይታዘዛል፤ አብዛኞቹ ስልኮችም ይህ ሲሆን ለባለቤቱ ምንም አያሳዩም። *127# ወይም *889# ብሎ ሚስጥር ቁጥር የሚያስገባ ሰው ሊያውቀው የሚገባው ዩኤስኤስዲ የሚባለው ይህ አገልግሎት ከስልኩ እስከ ባንኩ የሚዘልቅ የራሱ ምስጠራ የሌለው መሆኑን ነው። ያለው ሽፋን ከስልኩ እስከ ማማው ያለው የራዲዮ ምስጠራ ብቻ ነው። በብዙ ኔትወርኮች ደግሞ 4ጂ ላይ ያለ ስልክ እንኳ ዩኤስኤስዲ ለመላክ ወደ 3ጂ ወይም ወደ 2ጂ ይወርዳል።

ሆን ተብሎ የደከመ ምስጠራ

ከዚህ ታሪክ ውስጥ እኛ አገር ብዙም የማይወራለት፣ ነገር ግን መሣሪያ ከውጭ የሚገዛን አገር ሁሉ በቀጥታ የሚነካ ክፍል አለ። ጂኤስኤም ሲወጣ ሁለት ዓይነት ምስጠራ ተዘጋጀለት። ኤ5/1 የሚባለው በአውሮፓና በወዳጆቿ ዘንድ የሚሠራበት ነበር። ኤ5/2 የሚባለው ደግሞ ጠንካራ ምስጠራ ወደ ሌላው ዓለም እንዳይወጣ በሚከለክለው የዘመኑ የወጪ ንግድ ሕግ ምክንያት ሆን ተብሎ እንዲደክም የተደረገ ነው። ለሩቁ ገዢ ደካማው ይበቃዋል ተብሎ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ2003 በእስራኤል የቴክኒዮን ዩኒቨርሲቲ ሦስት ተመራማሪዎች ኤ5/2 በተራ ኮምፒውተር ከአንድ ሰከንድ ባነሰ ጊዜ እንደሚሰበር አሳዩ። የሥራቸው ዋና ቁም ነገር ግን ከዚያ ቀጥሎ ያለው ነው። ስልኩ ለሁለቱም ምስጠራዎች የሚጠቀመው አንድ ዓይነት ቁልፍ ነው። አጥቂው ስልኩን ለአፍታ «በኤ5/2 እንነጋገር» ብሎ ካዘዘው ቁልፉን ያገኛል፤ በዚያው ቁልፍ በጠንካራው ምስጠራ የተላከውንም ይከፍታል። ለሌላው ዓለም የተሠራው ድክመት ተመልሶ የሠሪዎቹን ስልክ አጋለጠ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ኤ5/2 ከአዳዲስ ስልኮች እንዲወጣ ተደረገ። ኤ5/1 ራሱም አልቆየም፤ ጀርመናዊው ካርስተን ኖል እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2009 በርሊን ላይ በተካሄደ የሃከሮች ጉባኤ ይህን ምስጠራ ለመስበር የሚያገለግል፣ አስቀድሞ የተሰላ ግዙፍ ሰንጠረዥ ከባልደረቦቹ ጋር ማዘጋጀቱን አሳወቀ።

ነገሩ እዚያ ቢያበቃ የድሮ ታሪክ ነው ባልን ነበር። እ.ኤ.አ. በ2021 ግን በጀርመን የቦኹም ሩር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከሌሎች አገሮች ባልደረቦቻቸው ጋር ጂኢኤ-1 የተባለውን የመጀመሪያውን የሞባይል ኢንተርኔት ምስጠራ መርምረው ውጤቱን አወጡ። 64 ቢት ቁልፍ አለው የተባለው ምስጠራ እውነተኛ ጥንካሬው 40 ቢት ብቻ ሆኖ ተገኘ፤ ቢት የቁልፍ ርዝመት መለኪያ ነው፣ አንድ ቢት በቀነሰ ቁጥር አጥቂው መሞከር ያለበት የቁልፍ ብዛት በግማሽ ይቀንሳል። እንዲህ ያለው ድክመት በአጋጣሚ ሊፈጠር እንደማይችል በሂሳብ አሳዩ፤ የአውሮፓ የቴሌኮም ደረጃ አውጪው ተቋምም ንድፉ በጊዜው የነበረውን የወጪ ንግድ ገደብ የተከተለ እንደነበር አመነ። እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ በስልኮች ውስጥ መኖር ያልነበረበት ይህ ምስጠራ ከዚያ በኋላ በተሠሩ ታዋቂ ስልኮች ውስጥ ሳይቀር ተገኝቷል።

በ2023 ደግሞ ሚድናይት ብሉ የተባለ የኔዘርላንድስ የጥናት ቡድን ቴትራ በሚባለው፣ በብዙ አገሮች ፖሊስ፣ አምቡላንስና የኤሌክትሪክ ኃይል ተቋማት በሚጠቀሙበት የራዲዮ ሥርዓት ውስጥ ተመሳሳይ ነገር አገኘ። ቲኢኤ1 የተባለው የምስጠራ ዓይነት 80 ቢት ቁልፍ ይቀበልና በውስጡ ወደ 32 ቢት ያሳንሰዋል። 32 ቢት ማለት ዛሬ ተራ ኮምፒውተር ሞክሮ የሚጨርሰው ነው። ንድፉ ለሃያ ምናምን ዓመታት በምስጢር ስለተያዘ ውጪ ያለ ሰው ሊመረምረው አልቻለም ነበር።

ሦስቱን አንድ ላይ ሳስቀምጣቸው የሚያስቆጣኝ ነገር አለ። በሦስቱም ላይ ገዢው የተነገረው አንድ ነገር፣ ያገኘው ሌላ ነው። የእኛ መሥሪያ ቤቶች የመገናኛ ራዲዮ ወይም የኔትወርክ ዕቃ በጨረታ ሲገዙ የጨረታ ሰነዱ ላይ ስለ ርቀት፣ ስለ ባትሪና ስለ ዋስትና ዘመን ይጽፋሉ። የትኛው ምስጠራ እንደተጫነ፣ ንድፉ ለሕዝብ ግልጽ ሆኖ በገለልተኛ ባለሙያዎች ተመርምሮ እንደሆነ፣ ደካማው ዓይነት ሊጠፋ ይችል እንደሆነ የሚጠይቅ መስመር ሰነዱ ውስጥ መግባት አለበት። ይህን ለመጻፍ ተጨማሪ በጀት አያስፈልግም።

ከ5ጂ ወደ ታች

«3ጂ ከመጣ ወዲህ እኮ ይህ ተስተካክሏል» የሚል አንባቢ ይኖራል። ትክክል ነው፤ ከ3ጂ ጀምሮ ኔትወርኩ ሲሙን እንደሚፈትን ሁሉ ሲሙም ኔትወርኩን ይፈትናል። 4ጂና 5ጂ ላይ ያለው ምስጠራም በጣም ጠንካራ ነው። ችግሩ ያለው ሁለቱ ተፈታትነው ከመተማመናቸው በፊት ባለው ክፍተት ነው። ማማው «እዚህ ነኝ፣ በዚህ ድግግሞሽ ግቡ» እያለ ለሁሉም የሚያሰራጨው ማስታወቂያ ፊርማ የለበትም። ስልኩ ሲጠጋ የሚለዋወጧቸው የመጀመሪያ መልዕክቶችም ጥበቃ የላቸውም። «አንተን አልቀበልም፣ ወደ ሌላ ኔትወርክ ሂድ» የሚለው መልዕክት ከእነዚህ አንዱ ነው። ስልኩም ሰምቶ ይሄዳል፤ ታች 2ጂ ካገኘ እዚያ ይገባል።

የበርሊን ቴክኒክ ዩኒቨርሲቲና የፊንላንዱ አልቶ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከባልደረቦቻቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ2016 ባቀረቡት ጥናት ይህን በ4ጂ ላይ በተግባር አሳይተዋል። ከዚያም አልፈው አንድን ሰው በዋትስአፕ «እየጻፈ ነው» የሚለውን ምልክት ብቻ በመላክ፣ ስልኩ ሳይጮህ፣ ኔትወርኩ ያንን ስልክ በየትኛው የማማ ክልል እንደሚጣራው አዳምጦ ሰውየው ያለበትን አካባቢ ማወቅ እንደሚቻል አረጋግጠዋል።

ወንጀለኞችም ከተመራማሪዎቹ ኋላ አልቀሩም። በእስያና በአውሮፓ ከተሞች ሐሰተኛ ማማ መኪና ላይ ጭኖ እየዞሩ ሕዝብ በሚበዛበት ጎዳና የሐሰት መልዕክት መርጨት ራሱን የቻለ ወንጀል ሆኗል። መሣሪያው በዙሪያው ያሉትን ስልኮች ወደ 2ጂ ያወርዳል፣ መልዕክቱን ያስገባል፣ መልሶ ይለቃቸዋል፤ ሁሉም በሴኮንዶች ያልቃል። በ2024 ባንኮክ ውስጥ፣ በ2025 ደግሞ ለንደን ውስጥ በዚህ የተያዙ ሰዎች አሉ፤ የለንደኑ ከአንድ ዓመት በላይ እስራት ተፈርዶበታል።

የዚህ አደጋ ልዩ ባሕርይ መልዕክቱ በኦፕሬተሩ በኩል አለማለፉ ነው። ቴሌኮሙ የቱንም ያህል ማጣሪያ ቢያቆም አያየውም። ላኪው የፈለገውን ስም መጻፍ ስለሚችል፣ ስልኩም መልዕክቶችን የሚያሰባስበው በላኪ ስም ስለሆነ፣ የሐሰቱ መልዕክት ከባንኩ ትክክለኛ መልዕክቶች ሥር ተሰልፎ ይገባል። ከላይ ትናንት የመጣው እውነተኛ የደሞዝ መልዕክት፣ ከታች ዛሬ የመጣው «ሂሳብዎ ሊዘጋ ነው፣ ይህን ይጫኑ» የሚለው፤ ሁለቱም በአንድ ገጽ ላይ፣ በአንድ ስም። ይህንን በዓይን ለይቶ ማወቅ የሚችል ሰው የለም። ስለዚህ «ሕዝቡ ይጠንቀቅ» የሚለው ማሳሰቢያ ብቻውን ፍትሐዊ አይመስለኝም።

ሲንጋፖር ውስጥ የሚሠሩ ተመራማሪዎች በ2025 ያወጡት ስኒ5ጌክት የተባለ ሥራ ጉዳዩን አንድ እርምጃ አራቀው። ሐሰተኛ ማማ ማቆም ሳያስፈልግ በ5ጂ ማማና በስልኩ መካከል ያለውን የመጀመሪያ ንግግር እያዳመጠ፣ በትክክለኛው ቅጽበት የራሱን መልዕክት ጣልቃ ያስገባል። በሙከራቸው እስከ 20 ሜትር ርቀት ድረስ ከ70 እስከ 90 በመቶ ተሳክቶላቸዋል፤ ስልኩን ከ5ጂ ወደ 4ጂ ማውረድም ችለዋል። 20 ሜትር ማለት በአራት ኪሎ አንድ ካፌ ውስጥ ከዳር እስከ ዳር ያለው ርቀት ነው።

5ጂ ዋጋ የለውም ማለቴ አይደለም። ለምሳሌ የሲሙን ቋሚ መለያ ቁጥር በግልጽ ማስተላለፉን ትቶ በኦፕሬተሩ ቁልፍ መስጥሮ ይልካል፤ ሰውን በስልኩ የመከታተል ወንጀልን በመከላከል ረገድ ይህ ትልቅ እድገት ነው። ይሁንና ጥበቃው ሙሉ የሚሆነው 5ጂው በራሱ ማዕከል (ደንበኛውን ለይቶ በሚያስገባው የኔትወርኩ ውስጠኛ ክፍል) ላይ ሲቆም ነው። ብዙ አገሮች 5ጂን የጀመሩት በነበረው የ4ጂ ማዕከል ላይ ደርበው ነው፤ በዚያ ሁኔታ ስልኩ ላይ 5ጂ የሚል ምልክት ቢታይም የመግቢያው ሥርዓት የ4ጂው ነው።

ከማማው ጀርባ

አየሩን ትተን ከማማው ጀርባ ስንሄድ ደግሞ ኤስኤስ7 የሚባለውን እናገኛለን። የዓለም ቴሌኮሞች እርስ በርስ «ይህ ደንበኛ የት ነው? መልዕክቱን ወዴት ልላክ?» የሚባባሉበት፣ ከሞባይል ዘመን በፊት የተነደፈ ሥርዓት ነው። የተሠራው ጥቂት የመንግሥት ቴሌኮሞች ብቻ ለሚተዋወቁበት ዓለም ስለሆነ ጠያቂውን አያጣራም። እ.ኤ.አ. በ2014 ሁለት ጀርመናውያን ተመራማሪዎች አደጋውን በአደባባይ አሳዩ፤ እ.ኤ.አ. በ2017 በጀርመን አንድ ትልቅ ኦፕሬተር ደንበኞቹ ላይ የደረሰውን አመነ። ሌቦች በዚሁ መንገድ የባንክ ማረጋገጫ ኮዶችን ወደ ራሳቸው አዙረው ገንዘብ ከሂሳብ አውጥተዋል። በ2024 መጨረሻ ደግሞ የአሜሪካ ቴሌኮሞች ውስጥ ከቻይና ጋር የተያያዙ ሰርጎ ገቦች መገኘታቸው ከታወቀ በኋላ የአገሪቱ የሳይበር ደኅንነት ተቋም ለባለሥልጣናት በሰጠው ምክር የጽሑፍ መልዕክትን ለመግቢያ ማረጋገጫነት አትጠቀሙ ብሏል። ሲንጋፖር ባንኮቿ ኮዱን እንዲተዉ በ2024 ወስናለች፤ የተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስም በዚያው መንገድ ሄዳለች።

እዚህ ከተማ በብዛት የሚሰማው ማጭበርበር ይህን ያህል ረቂቅ እንዳልሆነ አውቃለሁ። «ከባንክ ነው የምንደውለው፣ አሁን የገባልህን ስድስት ቁጥር አንብብልኝ» ነው። እንዲያም ቢሆን ወደ ኮዱ ይመልሰናል። ሰውየው ኮዱን ማንበብ የቻለው ኮዱ ሊነበብ የሚችል ነገር ስለሆነ ነው። ማረጋገጫው በስልኩ ውስጥ በተቆለፈ ቁልፍ፣ በመተግበሪያው፣ በጣት አሻራ ቢሆን ኖሮ እማማን ቢያታልሏቸውም ለደዋዩ የሚያነቡለት ቁጥር አይኖራቸውም ነበር። ረቂቁ ጥቃትና ተራው ማታለል በአንድ መፍትሔ ይዘጋሉ፤ ከባንኮች አጥብቄ የምጠብቀውም ይህንን ነው።

ስለ ዋይፋይም አንድ ነገር ልበል፤ ብዙ ሰው የሚፈራው እሱን ስለሆነ። ፒያሳም ሆነ ስታዲየም ዙሪያ ፓስዎርዱ ግድግዳ ላይ የተለጠፈበት ካፌ ሞልቷል። ደብሊውፒኤ2 በሚባለው የዋይፋይ ደኅንነት ደረጃ ፓስዎርዱን የሚያውቅና የመግቢያውን ንግግር የቀዳ ሰው የጎረቤቱን ፍሰት መፍታት ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2017 የቤልጂየሙ ማቲ ቫንሆፍ ክራክ በተባለው ጥናቱ የደብሊውፒኤ2ን አገባብ ራሱን አናጋ፤ በ2021 ደግሞ ከፊሎቹ ከ1997 ጀምሮ ያሉ ሌሎች ጉድለቶችን አወጣ። ተተኪው ደብሊውፒኤ3 እ.ኤ.አ. በ2018 መጥቶ ብዙውን አስተካክሏል፤ እሱም በዓመቱ በዚሁ ተመራማሪና በባልደረባው ስህተት ተገኝቶበት ታርሟል። ሆኖም የባንክ መተግበሪያና አብዛኛው ድረ ገጽ ዛሬ የራሱን ምስጠራ ይዞ ስለሚሄድ፣ በካፌ ዋይፋይ በመተግበሪያ ገንዘብ መላክ በ2ጂ ላይ *127# ብሎ ከመላክ ያነሰ አደጋ አለው ብዬ አምናለሁ። ዋይፋይ ላይ መጠንቀቅ የሚገባው የካፌውን ስም ለብሶ ስልክ ቁጥርና ኮድ አስገቡ የሚል ገጽ ሲመጣ ነው።

አሁን ሊሠራ የሚችለው

አንድሮይድ ስልክ ያለው ሰው፣ ከአንድሮይድ 12 ወዲህ በሚደግፉት ሞዴሎች ላይ፣ ሴቲንግ ውስጥ የሲም ካርዱን ገጽ ከፍቶ 2ጂ የሚፈቅደውን ማጥፋት ይችላል። አይፎን ላይ ከአይኦኤስ 17 ጀምሮ ጥብቅ የጥበቃ ሁነታው ሲበራ 2ጂ አብሮ ይጠፋል። መሃል አዲስ አበባ ላይ 3ጂና 4ጂ ስላለ ይህን ያደረገ ሰው የሚጎድልበት ነገር ጥቂት ነው፤ ገጠር ሲወጣ ግን መልሶ ሊያበራው ይገባል፤ ያለ 2ጂ ምንም የማይገኝበት ቦታ ብዙ ነውና።

ባለ ቁልፍ ስልክ የያዘው ግን ይህ ምርጫ የለውም። ጫማ የሚያስውበው ልጅ፣ አትክልት የምትሸጠው እናት፣ ዘበኛው፣ ሁሉም ገንዘባቸው ያለው 2ጂና ዩኤስኤስዲ ላይ ነው። 2ጂ ይዘጋ ማለት እነሱን መዝጋት ስለሚሆን እንዲህ ያለውን ሐሳብ አልደግፍም። አገልግሎቱ እንዳለ ሆኖ ለ2ጂ የተሻለ ምስጠራ አለ፤ ኤ5/3 እና ኤ5/4 ይባላሉ፤ ኦፕሬተሩ እነዚህን አብርቶ ምስጠራ አልባውን መንገድና ኤ5/1ን መዝጋት ይችላል፤ ለእነዚህ ያልደረሱ በጣም አሮጌ ስልኮች ካሉ ለባለቤቶቻቸው ጊዜ መስጠት ይቻላል። በኤስኤስ7 በኩል የሚመጣ አጠራጣሪ ጥያቄን የሚያግድ ማጣሪያም በዓለም አቀፉ የኦፕሬተሮች ማኅበር ከተመከረ ቆይቷል። ባንኮች ደግሞ በዩኤስኤስዲ የሚላከውን የገንዘብ ጣሪያ ዝቅ አድርገው፣ መተግበሪያ ላለው ደንበኛ ኮድ መላክን ማቆም ይችላሉ። ነዳጅ ቀጂውም መልዕክት አይቶ ከማመን ይልቅ ክፍያው በማደያው ሂሳብ መዝገብ ላይ መግባቱን እንዲያይ ቢደረግ የሐሰት መልዕክት ዋጋ ያጣል።

ሕጉ መሠረት አለው። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 የሰውን ግንኙነት ያለ ፈቃድ መጥለፍን ይቀጣል፤ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ም ወጥቷል። የጎደለው ልኬት ነው። የአሜሪካው የዲጂታል መብቶች ተቋም ኢኤፍኤፍ በ2025 ሬይሃንተር የተባለ ነጻ ሶፍትዌር አውጥቷል፤ ርካሽ የኪስ ዋይፋይ ላይ ተጭኖ፣ የማንንም ግንኙነት ሳይነካ፣ ማማው ለመሣሪያው ለራሱ የሚልከውን ትእዛዝ ብቻ እየመዘገበ፣ «ወደ 2ጂ ውረድ» የሚል አጠራጣሪ ጥሪ ሲመጣ ያስጠነቅቃል። የስልክ ሞደም የሚመዘግበውን አውጥተው የሚያነቡ ሌሎች ነጻ መሣሪያዎችም አሉ። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ 5 ኪሎ ግቢ ያለው የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት የቴሌኮም ምህንድስና ተማሪዎች፣ ከኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ጋር ተነጋግረው፣ በራሳቸው ሲም ከሜክሲኮ ተነሥተው በስታዲየም፣ በመስቀል አደባባይና በአራት ኪሎ በኩል እስከ ፒያሳ እየተጓዙ በእያንዳንዱ ማማ ላይ የትኛው ምስጠራ እንደሚሠራ፣ ስልኩ የት የት ወደ ታች እንደሚወርድ መመዝገብ ይችላሉ። ለአንድ የመመረቂያ ጽሑፍ የሚበቃ ሥራ ነው፤ ውጤቱም ለኦፕሬተሮቹ እርማት ጊዜ ተሰጥቶ በአማርኛ ጭምር ለሕዝብ መውጣት ይኖርበታል።